2.0 ቱርቦ ሱባሩ ላይ የ2.5 ብሎክ ልግጠም? (ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት)

ባሶና_2003 (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ የ2003 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ናት። ሞተሯ ኢጄ 205 ነው፤ 2.0 ሊትር ቱርቦ፣ ካምቢዮዋ ባለ 5 ማርሽ። አሁን የቢየላ ብሮንዚኒ (ቢየላው ክራንክሻፍቱ ላይ የሚዞርበትን ስስ ብረት) ጨርሳለች። ሲሞቃት ከታች ትኳኳለች፣ ነዳጅ ስለቅ ይብስባታል። ሞተሩ መውረዱ ካልቀረ ለምን በ2.5ቱ አልቀይረውም አልኩ። አዲስ አበባ አንድ ሰው የኤስቲአይ (ከኔዋ የምትጠነክረው ኢምፕሬዛ) ብሎክ፣ ኢጄ 257፣ ከነክራንክሻፍቱና ከነፒስተኑ አለኝ ብሎኛል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) እና ቱርቦው የራሴ ይሆናሉ።

መኪናዋን የምነዳት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ሸዋ ሮቢት ነው። የውድድር ሐሳብ የለኝም። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። ከቆምኩበት ስነሳ ባጃጅ ይቀድመኛል! ከ3,000 ዙር በኋላ ሌላ መኪና ትሆናለች። እስከዚያ ግን ሞታለች። በ2.5 ይሄ ይስተካከላል ወይስ ገንዘቤን ልበትን ነው?

ጋሽ_ካንዴላ (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ መጀመሪያ ብሮንዚኒው ለምን እንዳለቀ እወቅ። ምክንያቱን ሳታውቅ ሌላ ብሎክ ብታስገባ እሱንም ይበላዋል።

የዘይት ገንዳውን አውርድና ዘይት የሚስበውን ቱቦ እየው። እነዚህ ቱርቦ ሱባሩዎች ላይ የቱቦው ብየዳ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያክል ነው፣ በዓይን አታየውም። ፖምፓው ከዘይት ጋር አየር ይስባል። ግፊቱ ይወርዳል፣ ቢየላው ይደርቃል። ቱቦውን በወፍራም ቀይረው። ዘይት ማቀዝቀዣውንም አሮጌውን አትመልስ። ውስጡ የቀረው የብሮንዚኒ ብናኝ ታጥቦ አይወጣም።

እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ያለህን 2.0 አሠራና ንዳ። ፋብሪካው ያገጣጠመውን ለምን ትበታትናለህ?

ሚኒባስ_ተራ

«ባጃጅ ይቀድመኛል» ያልከው ገደለኝ ሃሃሃ። ወንድሜ፣ ቪትዝ ግዛና አርፈህ ተቀመጥ።

ሜሮን_ማፕ (አዲስ አበባ)

ቪትዝም ብትሆን እዚያ አገር ላይ ያው ናት። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ናት። የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻውን 72 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ያንተ ሞተር ቱርቦ የለውም ማለት ነው፤ ያገኘውን አየር ብቻ ይስባል። ስለዚህ 1,994 ሲሲው ሞተርህ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያገኘው አየር፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ የ1.4 ሊትር ሞተር ከሚያገኘው አይበልጥም። ኮምፕሬሽኑ (አየሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቅበት ልክ) ደግሞ ለቱርቦ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ 8 ለ1 ነው። ይሄን ይዞ ወደ 1,400 ኪሎ የምትጠጋ ፎር ዊል መኪና ሊያንቀሳቅስ ነው። ባጃጁ ቢቀድምህ አይገርመኝም።

2.5ቱ 2,457 ሲሲ ነው። የ23 በመቶ ጭማሪ አለው። እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ የ1.77 ሊትር ያህል አየር ያገኛል። ልብ በል፣ 2.5 ገጥመህ እንኳ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን 2.0 አታክልም! ቢሆንም ከ1.4 ወደ 1.77 መሄድ ከመነሻ ላይ በደንብ ይሰማል። የሚወጣው ጭስም ስለሚበዛ ያው ቱርቦ ቀደም ብሎ ይነሳል። 3,000 ላይ የምትጠብቀው ነገር ጥቂት መቶ ዙር ቀድሞ ይመጣልሃል።

አዲስ አበባ ላይ ሰው 2.5 ልግጠም ሲለኝ ብዙ ጊዜ «ለምን?» እላለሁ፤ አብዛኛው የሚፈልገው ጫፍ ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት ስለሆነ። ያ በ2.0ም ይገኛል። አንተ ግን የጎደለህ ታች ያለው ነው። ታች ያለውን ደግሞ ከሊትር ሌላ የሚሰጥህ የለም።

ኢሲዩውን (የሞተሩን ኮምፒውተር) በተመለከተ፣ ያንተ መኪና የሚገባውን አየር በክብደት የሚለካ ሴንሰር አላት። ከፍታውንም የሞተሩን መስፋትም ራሱ ያየዋል። ስለዚህ በዝግታ ነድተሃት ወደ ካርታ ሠሪ (ኢሲዩው ላይ የነዳጁንና የእሳቱን ልክ ወደሚያስተካክል ሰው) መሄድ ትችላለህ። ነገር ግን በአንድ ዙር የሚገባው አየር ስለሚጨምር ኢሲዩው በካርታው ላይ ወዳልተለመዱ ረድፎች ይሄዳል። እሳቱን መቼ እንደሚሰጥ በአዲስ መልክ መሠራት አለበት። ያለ ካርታ ቱርቦውን እንዳታስነሳው።

ታርማበር_ጉም (ደብረ ሲና)

ሜሮን ያለችው ልክ ነው፤ ግማሹን ግን ትታዋለች። ቱርቦውስ?

እኔ ፎረስተር ላይ 2.5 ቱርቦ ነው የምነዳው። ደብልዩ አር ኤክስ ላይ ያለው ቲዲ 04 ትንሽ ቱርቦ ነው። በ2.0 ሊትር ይበቃል። 2.5 ላይ ሲገጠም ግን ለጎረምሳ የሕፃን ጫማ ማጥለቅ ነው። ታች ላይ ደስ ይላል፣ ከ5,000 በላይ ትንፋሹ ያልቃል።

ከፍታው ደግሞ ያብሰዋል። 0.9 ባር ግፊት ይሰጥ እንበል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን አየር ወደ 1.9 እጥፍ ማመቅ ነው የሚጠበቅበት። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የሚስበው አየር 0.72 ባር ነው። ያንኑ 0.9 ለመጨመር ወደ 2.25 እጥፍ ማመቅ አለበት። ታርማበር ዋሻው ጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም ይብሳል። ጌጁ ላይ የምታየው ቁጥር ያው 0.9 ነው። ቱርቦው ግን እየከነፈ ነው፤ የሚያወጣውም አየር ይግላል።

ስለዚህ ሰዎች «2.5 ነው፣ ግፊት ጨምር» ሲሉህ እንዳትሰማ። እኛ ጋ ቲዲ 04 ከያዝክ ግፊቱን እንዲያውም ወደ ላይኛው ዙር ሲሄድ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ወይ ደግሞ የኤስቲአይውን ቱርቦ ፈልግ።

ሜሮን_ማፕ (አዲስ አበባ)

@ታርማበር_ጉም እስማማለሁ። የሱባሩ ኢሲዩ የአየር ግፊቱን አይቶ የቱርቦውን የግፊት ዒላማ የሚቀንስበት ሰንጠረዥ አለው። ሰው ግን በእጅ የሚጠመዘዝ የግፊት መቆጣጠሪያ ገዝቶ ይገጥምና ሰንጠረዡን ዋጋ ያሳጣዋል። ባሶና፣ እሱን ነገር ከገጠምክ አውልቀው።

ቱርቦውን ግን አሁኑኑ ይቀይር አልልም። ፍላጎቱ ከመብራት መነሳት ነው። ትንሹ ቱርቦ በዚህ ይጠቅመዋል።

ቶርኖ_ቤት

ሁላችሁም ስለ አየር ታወራላችሁ። ብረቱንስ?

የኢጄ ብሎክ ሲሊንደሮች ከመሐል እስከ መሐል ያላቸው ርቀት በ2.0ውም በ2.5ቱም አንድ ነው። የ2.0ው ቀዳዳ 92 ሚሊ፣ የ2.5ቱ 99.5 ነው። ምቱም ከ75 ወደ 79 ሚሊ አድጓል። ቀዳዳው ሲሰፋ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ግንብ 7.5 ሚሊ ሳስቷል ማለት ነው። ጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው መድፈኛ) የሚያርፍበት ቦታ ጠቧል። 2.5 ሱባሩ ጓርኒሲዮን ይበላል የሚባለው ወሬ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ቱርቦ በሌላቸው አሮጌዎቹ 2.5 ላይ በጣም የታወቀ ችግር ነው። ለቱርቦ ባለብዙ ንጣፉን የብረት ጓርኒሲዮን ብቻ ተጠቀም። የብሎኩም የቴስታታውም ፊት ተለክቶ መላግ አለበት። «ጥሩ ነው፣ ዝም ብለህ ግጠመው» የሚልህ ካለ ሳትሰናበተው ውጣ።

ሁለተኛ፣ ያንተ ቴስታታ ማቃጠያ ጓዳ የተቀረፀው ለ92 ሚሊ ነው። 99.5 ላይ ስታስቀምጠው የቴስታታው ጠርዝ ዙሪያውን በፒስተኑ ላይ ይንጠለጠላል። ኮምፕሬሽኑም ከኤስቲአይው 8.2 ከፍ ይላል። ምን ያህል እንደሚል በግምት አይነገርም። ቴስታታውን ገልብጠህ፣ ቫልቮላና ካንዴላውን አስገብተህ፣ ላዩ ላይ መስታወት ጥለህ በመርፌ ፈሳሽ ሙላው። ስንት ሲሲ እንደያዘ ጻፈው። አራቱም ጓዳ እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ጠርዙን በትንሹ ማንሳት ይቻላል፤ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ።

ሦስተኛ፣ የ257 ፒስተን ጥሩ ፒስተን ነው፤ ኖክ ግን አይችልም። ቤንዚኑ በካንዴላው እሳት በሥርዓት መቃጠሉን ትቶ በራሱ ሲፈነዳ፣ በሪንጎቹ መካከል ያለችው ቀጭን ግድግዳ ትሰበራለች። ብዙ ጊዜ የሚመታው 4ኛው ሲሊንደር ነው። የተባለውን ብሎክ ከመግዛትህ በፊት ፒስተኖቹ ወጥተው ሪንግ የሚገባበት ቦታ ይታይ። ሲሊንደሩ ከተላጨ ደግሞ ቀዳዳው ስንት ሚሊ እንደደረሰ ጠይቅ። 100 ሚሊ ከደረሰ በኋላ የሚቀጥል ነገር የለም።

ባሶና_2003 (ደብረ ብርሃን)

ኧረ ጉድ ነው። ሰውየው «ሙሉ ነው፣ ተገጥሞ የሚሄድ» ነበር ያለኝ። ፒስተን አውጥተህ አሳየኝ ብለው እሺ የሚል አይመስለኝም።

አንድ ጥያቄ፤ ቱርቦ ከሌለው የ2.5 ፎረስተር ወይም ሌጋሲ የወጣ ብሎክ በርካሽ ይገኛል ይባላል። እሱስ?

ቶርኖ_ቤት

ተወው። የዚያኛው ኮምፕሬሽን ገና ከፋብሪካው 10 ለ1 ነው። ያንተን ቴስታታ ስታስቀምጥበት ይጨምራል። በላዩ ቱርቦ ልትነፋበት ነው። ፒስተን ቀይረህ ካሠራኸው ደግሞ ርካሽነቱ ምኑ ላይ ነው?

እሺ ካላለህ አትግዛ። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብህ።

ናይሮቢ_ደርሶ_መልስ (ሞያሌ)

ሱባሩ ካላችሁ ዓይናችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ናይሮቢ ቱርቦ ፎረስተርና ኢምፕሬዛ መንገዱን ሞልቶታል። ብዙው ግን ከጃፓን የመጣ 2.0 ነው። 2.5 ቱርቦ ለማግኘት መፈለግ ይጠይቃል። ኬንያውያን ከሱባሩ ጋር የቆየ ፍቅር አላቸው። በ1997 ኮሊን ማክሬ፣ በ2000 ሪቻርድ በርንስ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት በኢምፕሬዛ ነው።

እኔ ብሆን ብሎክ ብቻ ሳይሆን ከቴስታታ እስከ ዘይት ገንዳ የተሟላ ሞተር ነው የምፈልገው። ኢጄ ከኢጄ ካምቢዮው ላይ ይገጥማል፣ የሞተር መቀመጫውም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አትርሳ። የክራንክ ጥርሱ (ሴንሰሩ ዙሩን የሚያነብበት) እንደ ዓመተ ምርቱ ይለያያል። ኢሲዩህ የሚያውቀውን ጥርስ ከድሮው ሞተርህ ፈተህ አዲሱ ላይ ካላሰርክ ሞተሩ እሳት አይሰጥም። ሰዎች ሽቦ ሲያሳድዱ ይውላሉ።

ሊብሬ_ይቅደም (ጫጫ)

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ኢጄ ሞተር ላይ ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ ነው፤ ከላይ፣ ካምቢዮው የሚገናኝበት ጠርዝ አጠገብ። ብሎክ ቀየርክ ማለት የሞተር ቁጥር ቀየርክ ማለት ነው። ሊብሬህ ላይ ያለው ሌላ ይሆናል። ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ፣ ከዚያም በላይ መኪናዋን ስትሸጥ ይይዝሃል።

የገዛህበትን ውል፣ ሞተሩ ከየት መኪና እንደወጣና ቀረጡ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያዝ። ከመግጠምህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ። ከገጠምክ በኋላ አይደለም።

ከ2024 ወዲህ ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌ ሞተር ተፈላጊ ሆኗል። ወረቀት የሌለው ሞተርም ገበያው ላይ እንደዚያው በዝቷል።

ሮቢት_ቆላ (ሸዋ ሮቢት)

ወደ እኛ እንደምትመጣ ስላነበብኩ ነው የምጽፈው። እስካሁን ሁሉም ያወራው ስለ ደጋው ነው።

ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከታርማበር ዋሻ ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፈህ እኛ ጋ እስክትደርስ አየሩ ከእግርህ በታች እየወፈረ ነው የሚሄደው። ያው 0.9 ባር ግፊት ደብረ ብርሃን ላይ ከአየሩ ጋር ተደምሮ 1.62 ባር ይሆናል። እኛ ጋ ወደ 1.77 ይደርሳል። 9 በመቶ ብልጫ ነው። ሙቀቱን ጨምርበት። ደጋ ላይ ቤንዚኑን የማይከብደው እሳት፣ እኛ ጋ ያስጮኸዋል። ማደያው ደግሞ አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው ያለው፤ የተሻለውን ቅዳልኝ አትልም።

ደብረ ብርሃን ላይ ካርታ አሠርቶ፣ ተመችቶት ወርዶ፣ ሲመለስ ዳገቱን ቱርቦ እየነፋ ሲወጣ ሞተሩን የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ሞተሩ ደጋ ላይ ምንም ምልክት አልሰጠውም ነበር። አየሩ ሲሳሳ ኖክ ይደበቃል።

ካርታህን እዚህ አሠራ። ጠዋት ሳይሆን ቀትር ላይ፣ መኪናዋ ሞቃ እያለች። እዚህ ኖክ የሌለው ካርታ ደብረ ብርሃን ላይም አያስቸግርህም። ከላይ ተሠርቶ የወረደውን ግን እኔ አላምነውም።

ሜሮን_ማፕ (አዲስ አበባ)

ሮቢት ያለውን አትናቁት። እኔም ለደጋ መኪና የምሠራው በዚሁ ነው፤ እሳቱን በቆላው ልክ አስሬ፣ ደጋው ላይ ቦታ ካለ ትንሽ እለቃለሁ።

ኢንጀክተርም ላይ ይኸው ነው። የደብልዩ አር ኤክሱ ኢንጀክተር በደቂቃ 420 ሲሲ ገደማ ነው፣ የኤስቲአይው 565። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ትንሽ ስለሆነ ያንተው ሊበቃ ይችላል። ሮቢት ላይ ግን ላይኛው ዙር አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ጫፍ ሲደርስ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ከዚያ ቶርኖ_ቤት ያለው የሪንግ ግድግዳ ይመጣል። ትልቁን አስቀድመህ ግጠም።

ጋሽ_ካንዴላ (ደብረ ብርሃን)

እንግዲህ ልጆቹ አሳምነውኛል፤ 2.5 ይሁንልህ። እኔም ስለ ብርዱ ልናገር።

ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን ግዛ የሚሉህ ይኖራሉ። ጠንካራ ነው፣ አይካድም። ግን ሲሞቅ ስለሚፋፋ ሰፋ ባለ ልክ ነው የሚገባው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ አስነሳውና ስማው። እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩ የተሰበረ ይመስልሃል። ጎረቤትህ ሁሉ መካኒክ ይሆንብሃል። አንተ ለመንገድ ነው የምትፈልገው፤ ግፊቱን ካልጨመርክ የፋብሪካው ፒስተን ይበቃሃል።

ራዲያተር ውስጥ ውሃ ብቻ የምትጨምሩ ልጆች ተዉ። ሌሊት በረዶ ሊሆን ይችላል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል። ኩላንት ይሁን። ክዳኑ ክፍት ከሆነ እኛ ጋ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ግፊቱን የያዘልህ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ከደከመ ከሮቢት ወደ ታርማበር ስትወጣ፣ ከሲኖ ትራክ ኋላ ተጣብቀህ ነፋስ አጥተህ፣ ሙቀቱ ሲሰቀል ታያለህ። አንተ መኪና ላይ ክዳኑ ሁለት ነው። አንዱ ራዲያተሩ ላይ፣ አንዱ ከላይ ቱርቦው አጠገብ ካለው ታንክ ላይ። ልካቸው ይለያያል፤ እንዳታቀያይራቸው። ኩላንቱንም በላይኛው ታንክ በኩል ቀስ እያልክ ሙላ፣ አለዚያ አየር ይታፈንበታል።

ባሶና_2003 (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የዘይት ገንዳውን ዛሬ አወረድነው። እንዳሉት ቱቦው ብየዳው ላይ ተሰንጥቋል! በመብራት ብናየው አልታይ አለን። አንዱን ጫፍ ደፍነን ቤንዚን ስንሞላበት ነው ወዝቶ የወጣው።

የአዲስ አበባው ሰውዬ ፒስተን አላወጣም ብሏል። ወረቀትም የለውም። ተውኩት። ከናይሮቢ የሚመጣ ሙሉ የ2.5 ቱርቦ ሞተር ከነወረቀቱ እያፈላለግኩ ነው። ካገኘሁ የራሱ ቴስታታ ስለሚኖረው የጓዳው ጣጣም ይቀርልኛል። ትንሹን ቱርቦ አስቀጥላለሁ፣ ኢንጀክተር እቀይራለሁ፣ ግፊቱን ከፋብሪካው አላሳልፍም። ካርታው ሮቢት።

እስከዚያ ድረስ 2.0ውን ቴስታታውንና ብሎኩን ላስለካ። ቶርኖ_ቤት፣ ሥራ ትቀበላለህ?

ቶርኖ_ቤት

እቀበላለሁ። ቴስታታውን ከነቫልቮላው አምጣው፣ አትበትነው። ክራንክሻፍቱንም ለብቻው ጠቅልለህ አምጣ፤ ቢየላ የደረቀበት ከሆነ ሳይለካ አይመለስም። ክብደቱን ለመቀነስ ብለህ ብሎኩን ለሁለት አትክፈተው፣ እኔ እከፍተዋለሁ።

ሚኒባስ_ተራ

2.5ቱ ሲገጠም ባጃጁን ስታልፈው ቪዲዮ እንጠብቃለን።